ሦስተኛው ልዑል ሃርድ ዲስክ ሊገዛ ወጣ

[ጂንፋን በደንብ አውቀዋለሁ ማለት አልችልም። በየበዓሉ አየዋለሁ፤ የማየው ግን ሦስተኛው ልዑል በሚባለው ሕፃን አምላክ ትልቅ የወረቀት ራስ ውስጥ ሆኖ ሲጨፍር ነው። የሕፃኑን አምላክ ቀይ ጉንጭና ፈገግታ በእንቅልፌም እለየዋለሁ፤ የጂንፋን ፊት ግን ግለጽ ብባል እቸገራለሁ። የእህቱን ባል ሊያውን መላው የካውሹንግ ከተማ ያውቀዋል፤ የማያውቀው ሰው ካለም ሊያው ራሱ ይነግረዋል። በበዓሉ ሰልፍ መኪና ጀርባ ላይ ቆሞ በላፕቶፕ ሙዚቃ የሚያጫውተው እሱ ነው። አሁን በኤሌክትሮኒክስ ገበያው ሁለተኛ ፎቅ፣ እትዬ ፓን ሱቅ ውስጥ ቆመዋል። ምሳ ሰዓት ነው። እትዬ ፓን በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ሩዟን ትበላለች። ጂንፋ ትልቁን ራስ በሁለት እጁ ታቅፏል።]

ሊያው፦ አስቀምጠው አልኩህ እኮ!

ጂንፋ፦ የት ላስቀምጠው ጋሼ?

ሊያው፦ መሬት ላይ!

ጂንፋ፦ አምላክ መሬት ላይ አይቀመጥም።

ሊያው፦ ታዲያ መኪናው ውስጥ ለምን አልተውከውም?

ጂንፋ፦ መኪናው ይሞቃል፣ ቀለሙ ይላጣል። ደግሞ ሕፃን ልጅ ብቻውን መኪና ውስጥ ይተዋል እንዴ?

ሊያው፦ ሦስት ሺህ ዓመት ሞልቶታል!

ጂንፋ፦ ቢሞላውም ሕፃን ነው።

[እትዬ ፓን ተነሥታ በርጩማዋን ትለቃለች፤ ቆማ መብላቷን ትቀጥላለች። ጂንፋ የልዑሉን ራስ በርጩማው ላይ በክብር ያስቀምጣል። ከኪሱ አንዲት በባትሪ የምትሠራ ትንሽ የእጅ ማራገቢያ አውጥቶ ወደ ልዑሉ ፊት ያዞራታል።]

ሊያው፦ አሁን ደግሞ ምንድን ነው?

ጂንፋ፦ ላብ በላብ ሆኗል።

ሊያው፦ ከወረቀትና ከሙጫ የተሠራ ነው!

ጂንፋ፦ ቀስ በል፣ ይሰማሃል ጋሼ።

ሊያው፦ ገበያ መሀል ጋሼ አትበለኝ ብዬሃለሁ። መምህር በለኝ። ሙዚቀኛ ሁሉ መምህር ነው የሚባለው።

ጂንፋ፦ እሺ መምህር ጋሼ።

[አንዲት አሮጊት በኮሪደሩ ሲያልፉ ቆም ብለው፣ እጃቸውን አጋጥመው፣ ጎንበስ ቀና ይላሉ። ከዚያ መንገዳቸውን ይቀጥላሉ።]

ሊያው፦ [ደረቱን እየነፋ] አየህ? ሰው እንዲህ ነው የሚያከብረኝ።

ጂንፋ፦ ለልዑሉ ነው መምህር።

ሊያው፦ ወደ እኔ ነው የዞሩት!

ጂንፋ፦ በርጩማው በአንተ በኩል ስለሆነ ነው።

ሊያው፦ እህትህ ሚስቴ ባትሆን ኖሮ ይሄኔ... ተወው። ስማኝ። ለምን እንደመጣን ገብቶሃል?

ጂንፋ፦ ዲስክ ልንገዛ።

ሊያው፦ ዲስክ ልንገዛ አይደለም! ስሜን ልንገዛ ነው! ከነገ ወዲያ የባሕር አምላክ የእናታችን የማዙ ልደት ነው። ዛሬ ከሰዓት በኋላ የቤተ መቅደሱ ሽማግሌዎች ተቀምጠው የሰልፉ ሙዚቃ የማን ይሁን ብለው ይወስናሉ። ባለፈው ሰልፍ ምን ሆነ?

ጂንፋ፦ ሙዚቃው ቆመ።

ሊያው፦ የት ቆመ?

ጂንፋ፦ ቤተ መቅደሱ በር ላይ።

ሊያው፦ በማን ፊት?

ጂንፋ፦ በእናታችን ፊት። ዙፋኗ በሰው ትከሻ ላይ ሆኖ ስትገባ።

ሊያው፦ ቀጥ አለ! ጭጭ! ከዚያን ቀን ጀምሮ ስልኬን ዘግቻለሁ፤ ጎረቤት እንኳ ቀና ብዬ አላይም። ሽማግሌዎቹ ሥራውን ለተፎካካሪዎቻችን ለጥሩንባ ነፊዎቹ ከሰጡ በደቡቡ አገር ያለ ቤተ መቅደስ ሁሉ ይሰማል። ከዚያ በኋላ የሚጠራኝ የለም። የሱቅ ምርቃት እንኳ አላገኝም።

ጂንፋ፦ ስለዚያ ዝምታ እኮ መምህር፣ ዛሬ ጠዋት የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ሹ ቤታችን ድረስ መጥተው—

ሊያው፦ ስለዚያ ዝምታ እንዳታነሣብኝ!

ጂንፋ፦ እሺ።

ሊያው፦ የሰብሳቢው ሹንም ስም እንዳትጠራብኝ!

ጂንፋ፦ እሺ። ግን ንገረው ብለውኝ ነበር።

ሊያው፦ ምን እንደሚሉ አውቃለሁ! አንድ ጊዜ የተሰደብኩት ይበቃኛል። የዚያን ዕለት እንኳ መጥተው «ምን ተፈጠረ?» ብለው ሲጠይቁህ ምን መለስክላቸው? ምንም! ድንጋይ ሆንክ!

ጂንፋ፦ የልዑሉን ራስ አጥልቄ ነበራ። ራሱን ያጠለቀ ሰው አይናገርም። ደንብ ነው። ከአንገቴ በላይም ከአንገቴ በታችም ያኔ እኔ አይደለሁም፣ ልዑሉ ነው። እግሩም የእሱ፣ እጁም የእሱ።

ሊያው፦ ሆዱስ?

ጂንፋ፦ ሆዱ የእኔ ነው። ይርበኛል።

ሊያው፦ ወደ ዲስኩ እንመለስ። [ከመደርደሪያው ወፍራሙን ያነሣል] ይኼ ባለ ሳህኑ ሃርድ ዲስክ ነው። እንደ አሮጌው። ሆዱ ውስጥ ሳህን ይሽከረከራል፣ ሳህኑ ላይ መርፌ ይሮጣል። [ቀጭኑን ያነሣል] ይኼ ደግሞ ኤስ ኤስ ዲ ይባላል። ውስጡ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም።

ጂንፋ፦ ምንም?

ሊያው፦ ምንም።

ጂንፋ፦ ታዲያ ማን ነው የሚሠራው?

ሊያው፦ ሳይንቀሳቀስ ይሠራል።

ጂንፋ፦ እንደዚያ ስማቸውን አትጥራ እንዳልከኝ ሰውዬ።

ሊያው፦ እንደ ማን? እ... አዎ። ወንበራቸው ላይ ቁጭ ብለው ሰፈሩን ሁሉ ያሯሩጡት የለ? ልክ እንደ እሳቸው።

ጂንፋ፦ የቱ ነው ውዱ?

ሊያው፦ የማይንቀሳቀሰው።

ጂንፋ፦ የሚለፋው ርካሽ፣ ቁጭ ያለው ውድ።

ሊያው፦ ዓለም እንደዚህ ናት፤ እኔ አልፈጠርኳትም።

ጂንፋ፦ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። የማይንቀሳቀስ ከሆነ የሞተ ቀን በምን እናውቃለን?

ሊያው፦ ዝም ይላል።

ጂንፋ፦ በሕይወት እያለስ?

ሊያው፦ ያኔም ዝም ይላል።

ጂንፋ፦ እትዬ ፓን፣ ይኼኛው አሁን ነፍስ አለው?

[እትዬ ፓን ትከሻዋን ትሰብቃለች። አንድ ቁራጭ ቶፉ ትጎርሳለች።]

ሊያው፦ ሴትዮዋን ተዋት! እኔን ጠይቀኝ። ይኼ ከአሮጌው አምስት እጥፍ ይፈጥናል።

ጂንፋ፦ [ወደ ኋላ ይሸሻል] አምስት እጥፍ?

ሊያው፦ አምስት እጥፍ!

ጂንፋ፦ አልችልም።

ሊያው፦ ምኑን ነው የማትችለው?

ጂንፋ፦ አሁን ባለው ፍጥነት ራሱ ትንፋሽ ያጥረኛል። በዚያ ሙቀት፣ በዚያ ልብስ፣ ይኼን ራስ ተሸክሜ አምስት እጥፍ ልዝለል? ልቤ ቀጥ ትላለች! እህቴ ምን ትልሃለች?

ሊያው፦ ዘፈኑ አይፈጥንም፣ አንተ! ዘፈኑ ከዲስኩ ወደ ላፕቶፑ የሚመጣው ነው የሚፈጥነው።

ጂንፋ፦ ፈጥኖ መጥቶ ምን ያደርጋል?

ሊያው፦ ይጠብቃል።

ጂንፋ፦ እስከ መቼ?

ሊያው፦ ተራው እስኪደርስ።

ጂንፋ፦ ታዲያ ቀስ ብሎ ቢመጣ ምናለበት?

ሊያው፦ [ግንባሩን ይይዛል] የሚይዘው ደግሞ ሁለት ቴራ ነው። ሁለት ቴራ ማለት ከዚህ አገር ዘፈን ሁሉ ይበልጣል።

ጂንፋ፦ እኛ የምናጫውተው አራት ዘፈን ነው።

ሊያው፦ ቢሆንም!

ጂንፋ፦ የቀረው ቦታ ምን ይገባበታል?

ሊያው፦ ምንም። ባዶ ይሆናል።

ጂንፋ፦ ባዶ ልንገዛ ነው ማለት ነው።

ሊያው፦ መተንፈሻ ነው! ዲስክ ከጠበበው ይታፈናል። አሮጌው ታፍኖ ነው የሞተው። ለዚህ ነው ዛሬ ጠዋት በመዶሻ ፈልጬ ለቆሻሻ መኪናው የሰጠሁት።

ጂንፋ፦ ስለ ቆሻሻ መኪናው ካነሣህ አይቀር መምህር። የቆሻሻ መኪናው ሙዚቃ በየቀኑ ሰፈሩን ይዞራል። ዝናብ ቢዘንብ ይዘፍናል፣ አውሎ ነፋስ ቢመጣ ይዘፍናል። አንድም ቀን ቆሞ አያውቅም።

ሊያው፦ እና?

ጂንፋ፦ እነሱ የትኛውን ዲስክ ነው የሚጠቀሙት?

ሊያው፦ እኔን ከቆሻሻ መኪና ጋር?!

ጂንፋ፦ ለማወቅ ያህል ነው።

ሊያው፦ ያ አንድ ዜማ ነው፣ ጧት ማታ! የእኔ የቀጥታ ሥራ ነው! ከበሮውን እዚያው እየጨመርኩ፣ ደወሉን እየቀነስኩ፣ ሰዉን እያየሁ!

ጂንፋ፦ ባለፈው ጊዜም ሰዉን እያየህ ነበር?

ሊያው፦ ምን አያለሁ፤ ርችቱ ሲንጣጣ መኪናው በጭስ ተሞላ። አፍንጫዬ ድረስ ጭስ ነው። እንዲያውም... [ድምፁን ይቀንሳል] ለማንም እንዳትናገር። በጭሱ መሀል፣ ከላፕቶፑ ኋላ፣ አንድ ነጭ እጅ ያየሁ መሰለኝ። ብቅ ብሎ ጠፋ። ወዲያው ሙዚቃው ቆመ።

ጂንፋ፦ [የልዑሉን ጉንጭ በእጅጌው ይወለውላል] ነጭ እጅ?

ሊያው፦ ከሙቀቱ ነው ብዬ ተውኩት። ከዚያ ያገኘሁትን ቁልፍ ሁሉ ተጫንኩ፤ በጉልበቴ ተንበረከክኩ፤ ላፕቶፑን በጥፊ መታሁት። ቆየት ብሎ ካቆመበት ቀጠለ። ሌላ ሰው ቢሆን ማስነሣት አይችልም ነበር። ብቃት ነው።

ጂንፋ፦ ብቃት ነው።

ሊያው፦ አሁን በሳይንስ እናስብ። ዲስኩ የት ነበር የተቀመጠው? ትልቁ ባስ ስፒከር ላይ። ባሱ ሲመታ ሳህኑ ይንቀጠቀጣል፣ መርፌው ይዘላል። ገባህ?

ጂንፋ፦ ታዲያ ለምን ባሱ ላይ አስቀመጥከው?

ሊያው፦ ጠረጴዛው ላይ ገበያ የሚጠራልን አናናስ አለ!

ጂንፋ፦ አናናሱን ባሱ ላይ፣ ዲስኩን ጠረጴዛው ላይ ብናደርግስ?

ሊያው፦ አናናሱ ቢወድቅስ? አናናስ ወድቆ ገበያ ያገኘ ሰው አይተህ ታውቃለህ? አንተን ይዤ ስዞር እኮ... ቆይ። ቆይ ቆይ። [ጣቱን ያነሣል] ዲስኩ ባሱ ላይ ከተቀመጠ ሦስት ዓመቱ ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አልቆመም።

ጂንፋ፦ [ማራገቢያውን ያጠፋል] እንሂድ መምህር፤ ቀጭኑ ይሻላል። ቀጭኑን እንግዛ።

ሊያው፦ ያን ቀን የተለየ ነገር ነበረ።

ጂንፋ፦ ቀጭኑ ቆንጆ ነው። ኪስ ይገባል።

ሊያው፦ ጂንፋ።

ጂንፋ፦ አቤት።

ሊያው፦ ዓይን ዓይኔን እየኝ።

ጂንፋ፦ እያየሁ ነው።

ሊያው፦ ልዑሉን ነው የምታየው። እኔን እየኝ። ያን ቀን የሆነ ነገር ነክተሃል።

ጂንፋ፦ ጋሼ...

ሊያው፦ ላፕቶፑ ላይ አረንጓዴ ከረጢት ነበር። የበቆሎ ቺፕስ። ማሽኑ ጨዋ እንዲሆን በእጄ ያስቀመጥኩት።

ጂንፋ፦ [ረጅም ትንፋሽ ይለቃል፤ ፊቱ ይፈካል] እሱን ነው? በላሁት!

ሊያው፦ በላሁት?!

ጂንፋ፦ በላሁት ጋሼ! ጥፋቴ ነው! ልቅም አድርጌ ነው የበላሁት! ፍርፋሪውንም ልሻለሁ! ርቦኝ ነበር፣ በዚያ ላይ ሙቀቱ! ማራገቢያዬ ጠዋት ሞታብኝ፣ ራሱ ውስጥ ተቀቅዬ... [አፉን በእጁ ይከድናል] ብቻ በላሁት። በምትኩ ግን ሌላ ገዝቼ አስቀምጫለሁ።

ሊያው፦ አረንጓዴ?

ጂንፋ፦ አረንጓዴው አልቆ ነበር።

ሊያው፦ ታዲያ ምን ገዛህ?

ጂንፋ፦ ቢጫ።

[ሊያው መደርደሪያውን ተደግፎ ይቆማል። እትዬ ፓን መብላቷን ታቆማለች። በሂሳብ ማሽኗ ላይ የተቀመጠውን አረንጓዴ ከረጢት በእጇ ትሸፍናለች።]

ሊያው፦ ቢጫ! ባንክ ቤት ብትሄድ ማሽኑ ላይ የሚቀመጠው ከረጢት አረንጓዴ ነው። ሆስፒታል ብትሄድ አረንጓዴ ነው። ባቡር ጣቢያው አረንጓዴ ነው። አንተ ቢጫ! የመንገድ መብራት ቢጫ ሲሆን ምን ማለት ነው?

ጂንፋ፦ ተጠንቀቅ።

ሊያው፦ ከቢጫ ቀጥሎ ምን ይበራል?

ጂንፋ፦ ቀይ።

ሊያው፦ ቀይ ሲበራስ?

ጂንፋ፦ ቁም።

ሊያው፦ ይኸው ቆመ!

ጂንፋ፦ እንደዚያ ከሆነ ታዲያ ዲስክ ለምን እንገዛለን? አንድ አረንጓዴ ቺፕስ ገዝተን አንሄድም?

ሊያው፦ ሳይንስ ሁለቱንም ይፈልጋል።

ጂንፋ፦ እሺ፣ የትኛውን ዲስክ?

ሊያው፦ የትኛውን ማለት... ባለ ሳህኑ ይንቀጠቀጣል። የማይንቀሳቀሰው ደግሞ አንተ እንዳልከው የሞተ ቀን አይታወቅም። ምን ነበር ባትጠይቀኝ! አሁን አልቻልኩም። የመጠየቂያውን እንጨት ይዘሃል?

ጂንፋ፦ ሁልጊዜ ኪሴ ውስጥ ነው። [ግማሽ ጨረቃ የመሰሉ ሁለት ቀይ እንጨቶች ያወጣል]

ሊያው፦ ልዑሉ ይወስን። አንዱ በሆዱ፣ አንዱ በጀርባው ከወደቀ አዎ ነው፤ ሁለቱም በጀርባቸው ከወደቁ ሳቀብን ማለት ነው። [ከበርጩማው ፊት ተንበርክኮ ትልቁን ራስ ሽቅብ ያያል] ሦስተኛው ልዑል ሆይ፣ ቀጭኑን ልግዛ?

[ይጥላል። ሁለቱም እንጨቶች ጠፍጣፋቸውን ወደ ላይ አድርገው ይወዛወዛሉ።]

ጂንፋ፦ ሳቀ።

ሊያው፦ አይቻለሁ። ወፍራሙን ልግዛ?

[ይጥላል። እንደዚያው።]

ጂንፋ፦ አሁንም ሳቀ።

ሊያው፦ ሁለቱንም ልግዛ?

[ይጥላል። አንዱ እንጨት እስከ እትዬ ፓን እግር ድረስ ይንከባለልና እዚያ ይወዛወዛል።]

ጂንፋ፦ ይኼ እንኳ ሳቅ ብቻ አይደለም። ሆዱን ይዞ ነው።

ሊያው፦ ምን ያስቀዋል?!

ጂንፋ፦ ጥያቄው ይሆናላ። ሰብሳቢው ሹ የላኩብኝን መልእክት ሳትሰማ ስለምትጠይቅ ይሆናል።

ሊያው፦ [ከመሬት ሳይነሣ] ...ተናገር። ከዚህ የባሰ ምን ይመጣል። ምን አሉ?

ጂንፋ፦ «ዕድሜዬን ሙሉ ይኼን ሰልፍ አይቻለሁ» አሉ። «በእናታችን ፊት አፉን መዝጋት የሚያውቅ ሙዚቃ ግን አይቼ አላውቅም» አሉ። ሙዚቃው ሲቆም ርችት ተኳሾቹም ደንግጠው አቆሙ፤ ያኔ ከወደቡ የባሕሩ ድምፅ ተሰማ፤ አሮጊቶቹ ሁሉ አለቀሱ። «እናታችን በባሕሯ ድምፅ ገባች» አሉ። ከነገ ወዲያም እዚያው በር ላይ፣ ያንኑ ዝምታ፣ ያንኑ ያህል ይፈልጋሉ። ከሆነ ሰልፉ ያንተ ነው።

ሊያው፦ [ቀስ ብሎ ይነሣል። ጉልበቱን ያራግፋል። ፀጉሩን ያስተካክላል።] ጂንፋ።

ጂንፋ፦ አቤት መምህር።

ሊያው፦ ያ ዝምታ ታስቦበት የተሠራ ነው።

ጂንፋ፦ ታስቦበት?

ሊያው፦ ምን መሰለህ! ትልቅ ሙዚቀኛ የሚታወቀው በሚያጫውተው አይደለም፤ በሚያቆመው ነው። እኔ በዚህ በእጄ—

ጂንፋ፦ በእጅህ ከሆነማ ሰልፉ የጥሩንባ ነፊዎቹ ነው።

ሊያው፦ እ?

ጂንፋ፦ አልጨረስኩማ። ሽማግሌዎቹ ከሰዓት በኋላውን ሳይጠብቁ እንጨቱን ጥለው ጠይቀዋል። «ሙዚቃውን ያስቆመችው እናታችን ናት ወይስ ሊያው?» ብለው። እናታችን ናት ተባለ። ስለዚህ ሰው እንዳይነካው ብለዋል። ከነገ ወዲያ ሁለት ሽማግሌዎች መኪናው ላይ ከግራና ከቀኝህ ቆመው እጅህን ይጠብቃሉ። አንድ ቁልፍ ነክተህ ካቆምከው ውረድ ነው።

ሊያው፦ እኔ ምንም አላደረግኩም! እጄ ንጹሕ ነው! እትዬ ፓን ምስክሬ ናት!

[እትዬ ፓን ራሷን በአሉታ ትነቀንቃለች።]

ጂንፋ፦ ታስቦበት ነው አልክ እኮ።

ሊያው፦ ማን አለ? ወሬ ነው! [ይንጎራደዳል] ስለዚህ የማይቆም ዲስክ አይደለም የሚያስፈልገኝ። ልክ በሩ ላይ ሲደርስ የሚቆም ዲስክ ነው። እትዬ ፓን! የሚሞት ዲስክ አለሽ? ሞቶ የሚነሣ?

[እትዬ ፓን ሁለቱንም ዲስኮች ከእጁ ተቀብላ ወደ መደርደሪያቸው ትመልሳለች።]

ጂንፋ፦ አሮጌውን ባትፈልጠው ጥሩ ነበር።

ሊያው፦ አውቃለሁ!

ጂንፋ፦ እሱ በሽታ አልነበረበትም።

ሊያው፦ ምን አልክ?

ጂንፋ፦ ምንም።

ሊያው፦ በሽታ አልነበረበትም ስትል ሰምቻለሁ። [ይጠጋዋል] ከየት አወቅክ?

ጂንፋ፦ መልኩ ደህና ነበር።

ሊያው፦ ቆይ። ላፕቶፑ ኋላ ሁለት መሰኪያ ቀዳዳ አለ። አንዱ ላይ የድምፅ ማሽኑ ይሰካል። አንዱ ላይ ዲስኩ። ሌላ ቀዳዳ የለም።

ጂንፋ፦ ሩዙ በጣም ይሸታል፤ ራበኝ።

ሊያው፦ አሁን ደግሞ አንተ ምን አልክ? «ማራገቢያዬ ጠዋት ሞታብኝ» አልክ። በሩ ላይ ስንደርስ ሞታ ነበር። ከበሩ ስንመለስ ግን በራሱ ውስጥ ስትዞር ሰምቻለሁ፤ ንብ ገብቶበታል ብዬ ልመታህ ነበር። ማራገቢያህን ቻርጅ ልታደርግ የት ሰካሃት?

ጂንፋ፦ [ማራገቢያውን ከጀርባው ይደብቃል]

ሊያው፦ አልቆጣም።

ጂንፋ፦ ትቆጣለህ።

ሊያው፦ አልቆጣም! ከነገ ወዲያ ሰልፉን ማግኘት ነው የምፈልገው! ከነገ ወዲያም እዚያው በር ላይ ትሞትብህ ይሆን?

ጂንፋ፦ ሙቀቱ ከበረታ... ሳትሞት አትቀርም።

ሊያው፦ ግን ሰው መንካት የለበትም። [በድንገት ቆም ብሎ፣ በጣም በቀስታ] ጂንፋ። በርጩማው ላይ ካለው ጌታ ፊት ነው የምጠይቅህ። ያን ጊዜ ራሱን አውልቀህ ነበር ወይስ አጥልቀህ? አውልቀህ ከነበር ሰው ነህ፤ አልቆልኛል። አጥልቀህ ከነበር ግን ልዑሉ ነው ለእናታችን ብሎ ዲስኩን የነቀለው፤ ሽማግሌዎቹን ምንም አልዋሸሁም።

ጂንፋ፦ ጋሼ—

ሊያው፦ ጋሼ አትበለኝ። ከዛሬ ጀምሮ መምህሩ አንተ ነህ። [ሁለት እጁን አጋጥሞ ጎንበስ ይላል] መምህር ጂንፋ፣ እባክህ፤ በጭሱ መሀል ያየሁት ያ ነጭ እጅ የማን ነበር?

[ጂንፋ ሊያውን ያየዋል። በርጩማው ላይ ያለውን ትልቅ ራስ ያየዋል። ከዚያ ትልቁን ራስ ያነሣና፣ ማራገቢያዋን አብርቶ ውስጡ ከትቶ፣ ቀስ ብሎ ያጠልቀዋል። ከኋላ ኪሱ የልዑሉን ነጭ ጓንቶች ያወጣል፤ ቀኙን ያጠልቃል፣ ግራውን ያጠልቃል። ሊያው ጎንበስ እንዳለ ይጠብቃል። ልዑሉ ከጆሮ እስከ ጆሮ ፈገግ ብሏል፤ አይናገርም። ከራሱ ውስጥ የትንሿ ማራገቢያ ድምፅ ብቻ ይሰማል። እትዬ ፓን በርጩማዋን ስባ ትቀመጣለች።]